ጫማና መንገድ፤ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ

ስለ ጉራጌ አገር የሚጽፍ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው እንሰቱን፣ ክትፎውን፣ የመስቀልን በዓልና የሕዝቡን የሥራ ትጋት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ እኛ ዛሬ ዓይናችንን ወደ ታች ዝቅ አድርገን ስለ አንድ ተራ ነገር እንነጋገር። ይኸውም፣ አንባቢ ሆይ፣ አሁን በእግርዎ ያደረጉት ጫማ ነው።

ነገሩ ተራ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። ደመወዙ ገና ያላደገ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም ቤተሰቡ በሚልክለት ገንዘብ የሚማር ተማሪ በዓመት ውስጥ ከሚገዛቸው ዕቃዎች መካከል ጫማ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ሸሚዝ ቢጠብ ለታናሽ ወንድም ይሰጣል፤ ሱሪ ቢረዝም ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል። ጫማ ግን ቢጠብም ቢሰፋም ባለቤቱን ይቀጣል፤ ቶሎ ሲያልቅ ደግሞ ኪሱን ይቀጣል። ስለዚህ ጫማ የሚገዛ ሰው ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባዋል። ለእግሬ ልክ ነው ወይ? ይመቸኛል ወይ? ይበረክታል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የተሻለ የመፈተኛ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ለምን እንደ ሆነ አብረን እንሂድና እንይ።

ሁለቱ ከተሞችና በመካከላቸው ያለው ተራራ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራ ደግሞ ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ሆሳዕና በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ በአሁኑ የአስተዳደር ክፍፍል በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ውስጥ ናት። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ሲሆን፣ የዘቢዳር ተራራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር ያልፋል። ከሰንሰለቱ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ወደ ግቤ ይገባል፤ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው በመቂ ወንዝ በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። ስለዚህ የአንድ ተራራ ልጆች ቢሆኑም ሁለቱ ከተሞች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው የተቀመጡ ይመስላሉ።

መሬታቸውም እንደዚሁ ይለያያል። በወልቂጤ በኩል በክረምት የሚያጋጥምዎ እንደ ሙጫ የሚይዝ ጭቃ ነው። ከዋናው አስፋልት ጥቂት ራቅ ብለው ወደ ውስጥ ሲገቡ ጫማዎ በየእርምጃው እየከበደ ይሄዳል፤ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ጭቃው ለመንቀል የሚታገልዎ ይመስላል። በጉብርዬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይህን ጭቃ በሚገባ ያውቁታል። በቡታጅራ በኩል ደግሞ አካባቢው የጥንት እሳተ ገሞራ የረጨበት ስለ ሆነ ቀዩና ጥቁሩ ጠጠር ስለታም ነው። ጭቃው ጫማውን ከስፌቱ ሊለየው ሲሞክር ጠጠሩ ሶሉን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። አንዱ ስፌትን ይፈትናል፤ ሌላው ሶልን ይፈትናል።

ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለ። ከወልቂጤ ወጣ ብለው ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ቢዘልቁ ጀፎረ የሚባለውን ያገኛሉ። ጀፎረ በመንደሩ መካከል የሚያልፍ እጅግ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አድርገው ይሰለፋሉ፤ ከየቤቱም ጀርባ እንሰቱ ይቆማል። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የፈረስ ጉግሡም፣ የልጆች ጨዋታውም በጀፎረ ላይ ነው። ማንም ሰው ወሰኑን ገፍቶ እንዳያጥርበት ባህሉ ይከለክላል። በዚህ ሣር ላይ የሚሄድ ሰው ጫማ መኖሩን እንኳ ይረሳዋል። መንገዱ ራሱ እንደ ጫማ የለሰለሰ ነውና።

የመንገድ ፍቅር ያደረበት ሕዝብ

ይህ ሕዝብ ለመንገድ ያለው ፍቅር በጀፎረ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የጉራጌ ሥራ ፈላጊዎች አዲስ አበባ የገቡት በእግራቸው፣ በመንገድ እያደሩ ነው። በኋላም በከተማው ንግድ ከተቋቋሙት መካከል ብዙዎቹ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመው፣ ከኪሳቸው ገንዘብ እያዋጡ፣ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚያደርስ መንገድ ለማሠራት ተነሡ። ዛሬ አንባቢያችን በአውቶቡስ ተቀምጠው በጥቂት ሰዓት የሚደርሱበት ስፍራ ቀድሞ የብዙ ቀን የእግር መንገድ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል።

ደግሞም የጉራጌ ልጅና ጫማ ከአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የጀመረ ረጅም ትውውቅ አላቸው። ሊስትሮ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሥራውን ግን ታዋቂ ያደረጉት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይዘው ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ከጉራጌ የመጡ ነበሩ። አንዳንዱ ሣጥኑን በኪዮስክ፣ ኪዮስኩን በሱቅ ለውጦ ሌላውን ወንድሙን አስተምሯል። ሊስትሮ የሰውን ጫማ ሲጠርግ የሰውየውን አካሄድ ያነባል። ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላ፣ አፍንጫው የተፋቀ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ጫማ ሁሉ ስለ ባለቤቱ እግር ይናገራል። ስለዚህ ጫማ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ገልብጠው ቢመለከቱ ከማንኛውም ሻጭ የበለጠ ይመክርዎታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ ልክ

በመስቀል ሰሞን ወደ ወልቂጤ የሚሄደው መኪና ሁሉ ሞልቶ ያድራል። የትም ያለ የጉራጌ ልጅ ለመስቀል ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በምሥራቁ በኩል ያለው ሙስሊም ወገኑም በዓረፋ እንደዚሁ ያደርጋል። ከሚጫነው ስጦታ መካከል ጫማ አይጠፋም፤ ለአባት አንድ፣ ለእናት አንድ፣ ለታናናሾቹም አንዳንድ። የሚያሳዝነው ግን የጫማው ባለቤት እግር በአገር ቤት፣ ጫማው በመርካቶ መሆኑ ነው። ልጅ የአባቱን እግር ቁጥር በግምት ይገዛል፤ አባትም ልጁ እንዳያዝን ሲል እየቆነጠጠው ያደርገዋል፤ በዓሉ ሲያልፍ ጫማው ከቆጥ ላይ ይወጣል። በዚህ መንገድ ስንት ፍቅርና ስንት ገንዘብ በከንቱ ይቀራል!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰውየው በወረቀት ላይ ይቁም፤ ቁሞ እንጂ ተቀምጦ አይለካ፤ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። በእርሳስ ዙሪያው ይሣል። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ በብዙ ሰው አንዱ ከሌላው ጥቂት ይበልጣልና፣ ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ልኩ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ይወሰድ፤ እግር ሲሄዱበት ሲውሉ ያብጣል። ከዚያም ወረቀቱ በኪስ ተይዞ ወደ ሱቅ ይኬዳል።

የቁጥሩንም ምሥጢር ማወቅ ይጠቅማል። በሱቆቻችን የተለመደው የአውሮፓ ቁጥር እያንዳንዱ የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ቁጥር 42 ሲባል 28 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የእግር ርዝመት ሳይሆን ጫማው የተሠራበት የፎርማ ርዝመት ነው። ፎርማው ከእግር መብለጥ አለበት፤ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ባዶ ስፍራ ያስፈልጋልና። ቁጥሩ ስለ ስፋት የሚናገረው ምንም የለም። በልጅነቱ በባዶ እግሩ ሲሄድ ያደገ ሰው ጣቶቹ የተዘረጉ፣ የእግሩም ፊት ሰፊ ነው፤ አፍንጫው የሾለ ጫማ ለእርሱ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ልክ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቁጥር ጨምሮ ከመግዛት ይልቅ ፊቱ ሰፋ ያለውን ጫማ ቢፈልግ ይሻለዋል። የረዘመ ጫማ ተረከዝን ያንሸራትታል፤ የሚንሸራተት ተረከዝ ደግሞ ይላጣል።

ልክ ያልሆነ ጫማ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያስረዳ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለን። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር ብቻ ያወራዋል። ነገሩ ግን በሮም ያገኘው አዲስ ጫማ ከእግሩ ጋር አልስማማ ብሎ ስላቆሰለው፣ በባዶ እግር መሮጥን የለመደው ሰው የማይስማማውን ጫማ ትቶ መሄዱ ነው። ይኸው ሰው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደ ገና አሸነፈ። እንግዲህ አበበ ጫማን የናቀ ሰው አልነበረም፤ ልክ ያልሆነን ጫማ የናቀ ሰው ነበረ። እኛ ግን ለሁለት ሰዓት ቀርቶ ለሁለት ዓመት የማይስማማንን ጫማ ተሸክመን እንኖራለን።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ምቾት

ልክ የሆነ ጫማ ሁሉ የሚመች አይደለም። ይህን ለማረጋገጥ ወደ ቡታጅራ ይሂዱ። በመንገድዎ ላይ በመልካ ቁንጥሬ አዋሽን ተሻግረው ከቀጠሉ በኋላ ጢያ ይደርሳሉ። ዩኔስኮ በፈረንጆች 1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው፣ ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸው የድንጋይ ሐውልቶች በዚያ ቆመዋል። በሐውልቶቹ መካከል ሲዘዋወሩ መሬቱ ሜዳ ስለ ሆነ ማንኛውም ጫማ ይመቻል፤ የትኛውም ጫማ ስሙ አይነሣም።

ፈተናው የሚመጣው ከቡታጅራ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ በስልጤ ምድር ካለው ከሐረ ሸይጣን ዘንድ ነው። ሐረ ሸይጣን የሰይጣን ሐይቅ ማለት ነው። እሳተ ገሞራ ቆፍሮት በሄደው ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ውሃ ሲሆን፣ ከአፋፉ ሆነው ሲያዩት ልብ ይሰውራል። በቁልቁለቱ ጥቂት እርምጃ ሲወርዱ እግርዎ በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ጣትዎ የጫማውን አፍንጫ ከመታ፣ ጫማው በሱቅ ምንጣፍ ላይ ያሳየው ምቾት ሐሰት ነበር ማለት ነው። ከሱቅ ሳይወጡም ይህን መፈተን ይቻላል። ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት አጠገብ ጠበቅ አድርገው ያስሩና በደረጃ ላይ ይውረዱ፤ ደረጃ ከሌለ የጫማውን አፍንጫ በወለሉ ላይ መታ መታ ያድርጉ። ጣትዎ ከነካ አይግዙ።

ስለ ምቾት ስንናገር ከውጭ አገር የብስክሌት ነጂዎች አንድ ትምህርት እንቅሰም። በውድድር ላይ ያለ ብስክሌተኛ እግሩ ከፔዳሉ እንዳይንሸራተት ቀድሞ በቆዳ ጠፍር ያስረው ነበር። በፈረንጆች 1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ጫማቸውን የሚያያይዙበትን ዘዴ ወደ ብስክሌት አምጥቶ፣ ጫማው ራሱ ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፍበትን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ለዚህ የሚሆነው ጫማ ሶሉ እንደ ጣውላ የደረቀ ነው፤ የነጂው ጉልበት በሶሉ መታጠፍ እንዳይባክን ነው። ነገር ግን ከብስክሌቱ ሲወርዱ በዚያ ጫማ መሄድ እንደ ዳክዬ መወዛወዝ ሆነ። በተራራ ላይ የሚነዱት ደግሞ ገደል ሲያጋጥማቸው ብስክሌቱን ተሸክመው በእግር መሄድ አለባቸው። ስለዚህ ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1990 ትንሿን የብረት መቆለፊያ በሶሉ ጎድጓዳ ውስጥ ሸሽጎ፣ ዙሪያውን ጥርስ ባለው ጎማ ከበበው። ጫማው ለፔዳልም ለጭቃም ሆነ።

የዚህ ነገር ቁም ነገሩ ብስክሌቱ አይደለም። ጫማ የሚሠራው ለአንድ ሥራ ነው፤ ሁለት ሥራ ያለው ሰው ሁለቱንም አስቦ መግዛት አለበት። ከወልቂጤ ዳርቻ እየተነሣ ቢሮ የሚገባ ወጣት ሠራተኛ በጭቃ ላይ የሚሄድበት ግማሽ ሰዓትና በጠረጴዛ ሥር የሚያርፍበት ስምንት ሰዓት አለው። ሶሉ ቀጭንና ለስላሳ የሆነ የከተማ ጫማ በጭቃው ያንሸራትተዋል፤ ከባድ ቡትስ ደግሞ በቢሮ እግሩን ያፍነዋል። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ከጣቶች ሥር የሚታጠፍ፣ ከመካከሉ ግን የማይታጠፍ የቆዳ ጫማ ለሁለቱም ያገለግለዋል። በሱቅ ውስጥ ጫማውን በሁለት እጅዎ ይዘው ያጥፉት። እግር በሚታጠፍበት ቦታ ከታጠፈ መልካም ነው፤ እንደ ጨርቅ ከመካከሉ ከተጠቀለለ ያስቀምጡት። አዲስ ጫማም በአንድ ቀን አይለመድም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም? የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሄዱ ያለማምዱት።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ መበርከት

በሁለቱም ከተሞች የጥላ ዣንጥላ ዘርግቶ፣ ወስፌና ክር ይዞ የተቀመጠ ጫማ ሰፊ አያጡም። ጫማ ከመግዛትዎ በፊት እርሱ ዘንድ ቆም ብለው ምን ዓይነት ጫማ ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣለት ይመልከቱ። በብዛት የሚያዩት ሶሉ ከላይኛው ቆዳ የተላቀቀ ጫማ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ሶል ውሃና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይለቃል። ዙሪያውን በክር የተሰፋ ግን ማስቲሹ ቢለቅም ክሩ ይይዘዋል፤ ሲያልቅም ተፈትቶ ሌላ ሶል ይገባለታል። ስለዚህ ጥንካሬን ሲመረምሩ የጫማውን ብልጭልጭታ ትተው ስፌቱን ይዩ። ብልጭልጭታው ከመጀመሪያው ዝናብ አያልፍም።

የመበርከትን ትምህርት ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው በረባሶ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ በአስፋልት ላይ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የሮጠ ጎማ እንደ ገና በሰው እግር ሥር ሌላ ሕይወት ይጀምራል። የቡታጅራ ጠጠር እርሱን ለመጨረስ ብዙ ይደክማል። ነገር ግን በረባሶ ክፍት ነው፤ ከባድ ነው፤ እግርን ከጭቃና ከአቧራ አይከላከልም። ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን በሚገባ መልሶ ሁለቱን የተወ ጫማ ነው ማለት ይቻላል።

ጫማን የሚጨርሰው ደግሞ መንገድ ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱም አያያዝ ነው። የረጠበን ጫማ ከምድጃ አጠገብ የሚያደርቅ ሰው ቆዳውን ያሰነጥቀዋል። በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ፣ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልቶ ማድረቅ ይሻላል። (ጋዜጣ ብያለሁ፤ ይህን መጽሔት አላልኩም።) ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ቀለም ከመቀባት በፊት ይጽዳ። ሁለት ጥንድ ያለው ሰው እያፈራረቀ ያድርጋቸው፤ ቆዳ የጠጣውን ላብ ለመተንፈስ አንድ ቀን ያስፈልገዋል። ሁለት ጥንድ ሲፈራረቁ፣ አንዱ አልቆ ሌላው ከሚጀመር ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያገለግላሉ።

ለመስቀል ብቻ እያወጡ ጫማን በካርቶን ለሚያኖሩትም አንድ ምክር አለ። ዛሬ ብዙ ጫማ የሚሠራው ፖሊዩሬታን በሚባል ለስላሳ ሶል ነው። ይህ ነገር ሲይዙት ቀላል፣ ሲሄዱበት ምቹ ነው፤ ነገር ግን ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሳይደረግም ያረጃል። ከዓመታት በኋላ በበዓሉ ቀን ሲያወጡት ሶሉ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። ቆጥበው ያስቀመጡት ጫማ ካደረጉት ጫማ ቀድሞ ይሞታል። ስለዚህ አባትዎ ያመጡላቸውን ጫማ ለበዓል ሲሉ እንዳያኖሩት፣ ዘወትር እንዲያደርጉት ይንገሯቸው።

ጫማ ለጌጥ ብቻ አይደለም

እስከ አሁን ስለ ገንዘብና ስለ ምቾት ተናገርን። የሚበልጠው ግን ጤና ነው። በአገራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ በሚባል የእግር እብጠት ሊያዝ ይችላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጆች 1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት በሽታው ከትንኝ እንደማይመጣ፣ ነገር ግን ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ ቅንጣቶች እንደሚያመጡት አስረዳ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እንዲያም ሆኖ የታመመው ሰው ከሠርግና ከዕድር ይሸሻል፣ ሌላውም ይሸሸዋል። መከላከያው እግርን በሳሙና መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ የተሸፈነ ጫማ ማድረግ ነው። ይህን ያህል ትልቅ መከራ ይህን በመሰለ ትንሽ ነገር ሲከለከል የምናየው ጥቂት ጊዜ ነው።

እግርን ስናነሣ በቡታጅራ ዙሪያ የተሠራውን አንድ ሥራ መዘንጋት አይገባም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲያስመዘግብ ኖሯል። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ጤና ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በዚህ ሥራ ነው። በመጻሕፍት ቤት የምናነበው አኃዝ ሁሉ በፊት የአንድ መዝጋቢ እርምጃ ነበረ፤ ከደጅ ወደ ደጅ፣ ከቆላ ወደ ደጋ፣ በጭቃና በጠጠር ላይ የተኬደ ነው። ዕውቀት በጭንቅላት ብቻ አይሰበሰብም፤ በእግርም ይሰበሰባል።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከጫማ ሱቅ መስኮት ፊት ሲቆሙ ባልደረባዎ ያደረገውን አይመልከቱ፤ ዋጋውንም አስቀድመው አይጠይቁ። መጀመሪያ እግርዎን፣ ቀጥሎ መንገድዎን፣ ከዚያም ስፌቱን ይጠይቁ። ለአገር ቤት የሚልኩ እንደ ሆነ ደግሞ ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይላኩ። የእናትዎ እግር በወረቀቱ ላይ ተሥሎ ሲመጣ፣ ስንት መንገድ ሄዶ እንዳሳደገዎት በዚያው ያዩታል።